«ትናንት ማታ ይሠራ ነበር»፦ ፕሮሰስ ስትፈጥሩና ሀብት ስታጋሩ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ላፕቶፕ ስከፍት አንድ ሁለት ተማሪ አጠገቤ መቀመጡ አይቀርም። «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ኮድ ይዩልኝ፣ ትናንት ማታ ይሠራ ነበር።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ብዙ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ያለበት ኮድ አንዴ ሠራ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። ከዚህ በታች የማወራው ሊኑክስ ላይ በሲ ስለሚጻፍ ኮድ ነው፤ ስህተቶቹ ግን ሌላም ቦታ ይገኛሉ።

በፎርክ ልጀምር፤ ፕሮሰስ የራሱን ቅጂ፣ «ልጅ» የሚባለውን፣ የሚፈጥርበት ጥሪ ነው። ሦስት ልጅ ፕሮሰስ ፈልጎ ሦስት ጊዜ የሚዞር ሉፕ ውስጥ ፎርክን ብቻ የጻፈ ሰው በድምሩ 8 ፕሮሰስ ያገኛል። ልጁም ከተፈጠረበት ቦታ ጀምሮ ያንኑ ሉፕ ስለሚቀጥል እሱም በተራው ይወልዳላ! ፎርክ የመለሰውን ቁጥር እዩ። 0 ከሆነ ልጁ ጋ ናችሁ፤ ሥራውን ሠርቶ ኤግዚት ይበል። ከ0 በላይ ከሆነ ወላጁ ጋ ናችሁ፣ ቁጥሩም የልጁ መለያ ነው። -1 ከሆነ ምንም አልተፈጠረም፣ ይቺን የሚያጣራ ተማሪ ግን ብዙም አላየሁም። እኔም ተማሪ እያለሁ ማቆሚያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ፎርክ ከትቼ ሁሉም የሚጠቀምበትን የላብ ሰርቨር ቀጥ አድርጌዋለሁ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ዞሮ «ማነው?» ሲል እኔም አብሬ «ማነው?» አልኩ። እናንተ ከመሞከራችሁ በፊት በዩሊሚት የፕሮሰስ ብዛት ገደብ አብጁ።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ምን ይገለበጣል፣ ምን ይጋራል የሚለውን ነው። ግሎባል ቫሪያብል ስለሆነ ብቻ ልጁ የጻፈውን ወላጁ ያያል ብለው የሚጠብቁ አሉ። አያይም። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ለልጁ ሰጠው በሉ፤ ልጁ ኮፒው ላይ የፈለገውን ቢጽፍ ዋናው ደብተር ምን ሊሆን? (ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሁሉንም ወዲያው አይገለብጥም፣ አንዳቸው ሊጽፉ ሲሉ ያቺን ገጽ ብቻ ነው የሚገለብጠው። ለእናንተ ውጤቱ ያው ነው።) ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ሲሆን ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ግሎባሉ በእርግጥም የጋራ ነው። ፕሮሰሶች እንዲጋሩ ከፈለጋችሁ ሼርድ ሜሞሪ (የጋራ ሜሞሪ) አዘጋጁ ወይም በፓይፕ (አንዱ ጽፎበት ሌላው በሚያነብበት ቧንቧ) ላኩ። ፓይፕ ከሆነ የማትጠቀሙበትን ጫፍ ዝጉ፤ መጻፊያው የሆነ ቦታ ክፍት ከቀረ አንባቢው «ገና ይመጣል» ብሎ ሲጠብቅ ያድራል።

በተቃራኒው የጋራ አይመስልም የምትሉት የጋራ ሆኖ ይገኛል። ከፎርክ በፊት የተከፈተ ፋይል የንባብ ቦታው የሁለቱም ነው፤ ልጁ 100 ባይት በሪድ ካነበበ ወላጁ ከ101ኛው ይቀጥላል። ፕሪንትኤፍም ጉድ ይሠራል። ስክሪን ላይ አንዴ የታየው መስመር ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ ሁለቴ ይጻፋል፤ ባፈሩ (ጽሑፍ እስኪወጣ የሚጠራቀምበት ቦታ) ውስጥ የቆየው ጽሑፍ አብሮ ተገልብጦ ነው። ከፎርክ በፊት ኤፍፍላሽን ጠርታችሁ ባፈሩን ባዶ አድርጉ፣ አለቀ።

ዌይትን (ወላጁ ልጁ እስኪጨርስ የሚጠብቅበትን ጥሪ) መርሳት ሌላው ነው። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሞቷል፣ ሜሞሪውም ተለቋል፣ ስሙ ግን ልክ ሞቶ ከእድር መዝገብ እንዳልተሰረዘ ሰው ፕሮሰስ ዝርዝር ውስጥ ይቀመጣል። ዞምቢ የሚሉት እሱን ነው። በኪል ለማጥፋት የሚታገሉ አሉ፤ የሞተን ማን ይገድለዋል? ወላጁ ዌይት ይጥራ። በዌይት ፈንታ ስሊፕ 2 ብሎ ማለፍ ደግሞ ስንፍና ነው፣ ልጁ 3 ሰከንድ ቢፈጅስ?

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታት። ሁለት ትሬድ አንድን ቆጣሪ እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ጊዜ ሲጨምሩት 2 ሚሊዮን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን ያነሰ ይመጣል። አንድ መጨመር ለእኛ አንድ መስመር ነው፤ ለማሽኑ ግን ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ ነው። ቅዳሜ ገበያ ያለ ሱቅ ውስጥ ሁለት ልጆች ያንኑ የዱቤ ገጽ አዩ፣ 500 ብር ይላል። አንዱ 20 ደምሮ 520 ጻፈ። ሌላው ቀድሞ ባየው 500 ላይ 30 ደምሮ 530 ጻፈበት። 20 ብሩ ተበላ!

ታዲያ አንዳንዱ «ሎክ» የሚባል ቫሪያብል ፈጥሮ፣ 0 ከሆነ 1 አድርጌ እገባለሁ ይላል። ማየትና መቀየር ሁለት እርምጃ ስለሆኑ ሁለቱም 0 አይተው ሁለቱም ይገባሉ። ያው በሽታ ነው። ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ) ወይም ሴማፎር (ስንት መግባት እንደሚችል የሚቆጥር ቁልፍ) ተጠቀሙ። እዚህም የቅድሙ ኮፒ ይመጣል። ሚውቴክሱን ተራ ግሎባል አድርጎ ፎርክ የጠራ ሰው ወላጅና ልጅ የየራሳቸውን በር እየቆለፉ ነው። ለፕሮሰሶች ከሆነ ሼርድ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጥ፣ በፕሮሰሶች መካከል እንደሚሠራም ሲፈጠር ይነገረው። ሴማፎር በሚፈጥረው ሴምኢኒት ላይም ሁለተኛውን አርጉመንት 0 ካላችሁት ለአንድ ፕሮሰስ ትሬዶች ብቻ ነው።

ከዚያ ዴድሎክ። አንዷ ጀበናውን ይዛ ሲኒ ትጠብቃለች፣ ሌላዋ ሲኒውን ይዛ ጀበና ትጠብቃለች፣ ቡናው ቀዘቀዘ። በ1971 ኮፍማንና ባልደረቦቹ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች አንድ ላይ መገኘት አለባቸው ብለው ጽፈዋል፦ ሀብቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ብቻ መሆኑ፣ አንዱን ይዞ ሌላ መጠበቅ፣ በግድ አለመነጠቅ፣ እና ክብ የሆነ መጠባበቅ። አንዷን ካፈረሳችሁ በቂ ነው፤ ቀላሉ ሁሉም ሰው በአንድ ቅደም ተከተል እንዲቆልፍ ማድረግ ነው፣ ሁሌ ጀበና ቀድሞ ሲኒ ተከትሎ። አምራችና ተጠቃሚ በሚባለው ልምምድም (አንዱ ባፈር ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያወጣል) መጀመሪያ ባዶ ቦታ መኖሩን ጠብቁ፣ ሚውቴክሱን ከዚያ ያዙ። ይህ ከተገላበጠ ባፈሩ ሲሞላ አምራቹ ቁልፍ እንደያዘ ይተኛል፣ ተጠቃሚው መግባት አይችልም። ስህተት ተፈጥሮ በሪተርን ስትወጡም ቁልፉን ልቀቁ።

መጀመሪያ ላይ «ትናንት ማታ ይሠራ ነበር» ወዳለኝ ተማሪ ልመለስ። ስም ያለው ሴማፎር በሴምኦፕን ከፍቷል፣ መነሻውን 1 ብሏል። ማታ ፕሮግራሙ ቁልፉን እንደያዘ ኮንትሮል ሲ ብሎ ገደለው። ሴማፎሩ ግን አብሮ አይሞትም፣ በ0 እንደቆመ ይቀራል። ጠዋት ሲያስነሳው ስሙ ቀድሞ ስላለ የሰጠው 1 ችላ ይባላል፣ ፕሮግራሙም ቆሞ ይቀራል። «ጓደኛዬ ዴስክቶፕ ላይ ግን እንዲሁ ገድዬው ጠዋት ሠራልኝኮ» አለኝ። በመሀል መብራት ሄዶ ነበር? ስለው ሳቀ። ሴማፎሩ የሚቀመጠው ራም ላይ ስለሆነ መብራቱ ነው ያጠፋለት። ኮዱ መጀመሪያ ላይ የቆየውን ሴማፎር የሚሰርዘውን ሴምአንሊንክ ጨመርንና ቡናችንን ጠጣን።