በኮለንና በግድግዳ ዳር የሚሰነጠቅ የኮንክሪት ወለል፦ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ከኮለኑ (ከምሰሶው) ማዕዘን ተነስቶ በወለሉ ላይ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል።

መንስኤ፦ መሬት ላይ የሚሞላው ወለል የሚያርፈው በተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ ሲሆን፣ ኮለኑ ግን ሸክሙን በራሱ መሠረት በኩል ስለሚያወርድ፣ ሁለቱ እኩል አይሰምጡም። ኮንክሪቱ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ከኮለኑ ጋር ተጣብቆ የተሞላ ከሆነ ውጥረቱ በማዕዘኖቹ ላይ በርትቶ እዚያው ይሰነጥቀዋል። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ አፈር በቂ ጥልቀት ተቆርጦ ካልወጣ ጉዳቱ ይብሳል።

መፍትሄ፦ በቅድሚያ ስንጥቁ አሁንም እየሰፋ መሆኑን ለመለየት፣ በላዩ ላይ ስስ ጄሶ አድርጎ ቀኑን መጻፍና ከሳምንታት በኋላ ጄሶው መሰንጠቁን ማየት ያስፈልጋል። በእንቅስቃሴ ላይ ያለን ስንጥቅ በሲሚንቶ ወይም በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠጥር ማጣበቂያ) መድፈን፣ አጠገቡ ሌላ ስለሚከፈት፣ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያዋጣው በኮለኑ ዙሪያ ያለውን ወለል በዳይመንድ ቅርጽ እስከ ታች ቆርጦ ማውጣት፣ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሬንጅ የጠጣ ቦርድ ወይም ፎም በወለሉ ሙሉ ውፍረት ልክ ማቆም፣ ከዚያም የመሃሉን ክፍል መሙላት ነው። ፌሮ ይህን መስመር አቋርጦ ማለፍ የለበትም። በዲስክ የሚቆረጠው የተለመደው መስመር የወለሉን ውፍረት አንድ አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚወርድ፣ ብዙ ፎርማኖች ይተካል ብለው ቢያስቡም፣ ይህን ሥራ አይተካም።

ችግር፦ ወለሉን ከኮለን ወይም ከግድግዳ የሚለየው ክፍተት ተትቶ ሳለ ሴራሚኩ ይነሳል ወይም ጠርዙ ይፈረካከሳል።

መንስኤ፦ በአብዛኛው ክፍተቱ በወረቀት ላይ እንጂ በተግባር የለም፤ ሲሞላ የፈሰሰ ኮንክሪትና ጠጠር ዘግቶታል፣ ወይም ሊሾና ሴራሚክ በላዩ ላይ ያለማቋረጥ ተነጥፏል። ኮንክሪት በአንድ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.01 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚለጠጥ፣ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ወለል በ20 ዲግሪ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል።

መፍትሄ፦ ክፍተቱን በቀጭን መሮ እስከ ታች ማጽዳትና በሴራሚኩም ላይ በዚያው መስመር መክፈት።

ችግር፦ የክፍተቱን አፍ የሚዘጋው ማሸጊያ በአጭር ጊዜ ከጎን ይላቀቃል።

መንስኤና መፍትሄ፦ ማሸጊያው ከሁለቱ ጎኖች ሌላ ከታችም ከተጣበቀ መለጠጥ አይችልም። ስለዚህ ከሥሩ ክብ የፎም ገመድ ገብቶ፣ ፖሊዩሪቴኑ (የሚለጠጠው ማሸጊያ) የክፍተቱን ስፋት ግማሽ ያህል ጥልቀት ብቻ እንዲኖረው ይደረጋል፤ ጎኖቹም አቧራ የሌለባቸውና ደረቅ መሆን አለባቸው።