በድሬዳዋ መብራት ሲጠፋ፦ ችግሩን ለይቶ ማመልከትና እስኪመለስ መቆየት

ድሬዳዋ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያደርገው ወደ ደጅ ወጥቶ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን «እናንተም ጋ ጠፍቷል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። ጉድለቱ ቤት ውስጥ ይሁን ከፖል ወደ ቤት በሚገባው ገመድ፣ በሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሁን ከዚያ በላይ ባለው መስመር ካልተለየ፣ ማንን መጥራት እንደሚገባም ሆነ ምን ያህል ለመቆየት መዘጋጀት እንደሚያስፈልግ መገመት አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ የማሳስበው ይህን መለየት ነው፤ «መብራት ጠፋ» ብሎ ብቻ ማመልከት ለጥገና ሠራተኛው የሚሰጠው ፍንጭ እጅግ ጥቂት ነውና።

ምርመራው ከቤት ይጀመር። ዋናው ብሬከር ወርዶ ከተገኘ ወዲያው አያንሱት፤ አስቀድመው ምጣዱን፣ ካውያውን፣ የውኃ ፓምፑንና ሌላውን ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ነቅለው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ዳግመኛ ከወረደ በመስመሩ ላይ ኮንታክት ሊኖር ስለሚችል ደጋግሞ መሞከር ገመዱን እስከ ማቃጠል ያደርሳልና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ብሬከሩ ካልወረደ ቀጥሎ የሚታየው ቆጣሪው ነው። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከሆነ ቀሪ ሒሳቡ አልቆ እንደሆነ ያረጋግጡ። ቆጣሪው እየሠራ ቤቱ ከጨለመ ጉድለቱ በአብዛኛው ከቆጣሪው ወዲህ ስለሚሆን ጥገናው የባለቤቱ ነው፤ ቆጣሪው ራሱ ኃይል ካጣ ግን ጉድለቱ ከቆጣሪው በፊት ነውና ሥራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቆጣሪውን ማኅተም በማንኛውም ምክንያት አይንኩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ይውጡና ማን እንደጠፋበት ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልጠፋበትም ይመልከቱ። በሰፈር ውስጥ የሚያልፈው የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመር ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ገመዶች) እና አንድ ኒውትራል (የመመለሻ ገመድ) ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚቀጠለው ከሦስቱ ፌዞች በአንዱ ነው። ስለዚህ የቀኝ ጎረቤት በርቶለት፣ የእርስዎና ከዚያ ወዲያ ያለው ቤት ከጨለመ፣ አንድ ፌዝ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚቀበሉት ቤቶች በሙሉ ጨልመው የቀጣዩ ትራንስፎርመር ሰፈር ከበራ፣ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ተቃጥሎ እንደሆነ መጠርጠር ይቻላል። ከዚራ፣ መጋላና ሳቢያን የተባሉት የከተማዋ ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ከጨለሙ ደግሞ ምክንያቱ በማከፋፈያ ጣቢያ ወይም ከመሀል አገር በሚመጣው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ላይ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩ የሰፈር ጥገና ሠራተኛ የሚፈታው አይደለም። የቀድሞው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ኃይል ማመንጨትና በከፍተኛ መስመር ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈል ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው፤ ለነዋሪው ግን የማመልከቻው በር አገልግሎቱ ብቻ ነው።

አንድ ምልክት ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መብራት ጨርሶ ሳይጠፋ በአንዱ ቤት አምፖሉ ከልክ በላይ ደምቆ በሌላው ቤት ከደበዘዘ፣ ወይም ፍሪጁ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ፣ የኒውትራል ገመድ ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ቮልቴጅ ከመደበኛው 220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ስለሚችል ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላሉ፤ እሳትም ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው እርምጃ ስልክ መደወል ሳይሆን ዋናውን ብሬከር ማውረድ ነው፤ ጎረቤቶችም እንዲያወርዱ ወዲያው ይንገሩ። ብዙ ሰው ይህን «መብራቱ ይዋዥቃል» ብሎ ስለሚያልፈው ብዙ ንብረት በከንቱ ሲጠፋ አያለሁና፣ አንባቢዬ ከጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ ከሆነ ይህን ቢያስታውስ እመርጣለሁ።

ለማመልከት ወደ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል በ905 ይደውሉ። ከመደወልዎ በፊት በሒሳብ ደረሰኙ ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥር ይያዙ፤ ቁጥሩን አስቀድሞ በስልክ ላይ መዝግቦ ማስቀመጥ በጨለማ ወረቀት ከመፈለግ ያድናል። አገልግሎቱ ለጥገና የሚያቋርጥባቸውን ሰፈሮችና ሰዓታት በማኅበራዊ ገጾቹ ስለሚያስታውቅ መቋረጡ የታቀደ እንደሆነም አስቀድመው ይዩ። ሲያመለክቱ ከስሜት ይልቅ መረጃ ይቅደም፤ ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «የምደውለው ከሳቢያን ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ትራንስፎርመር የምንቀበል ቤቶች በሙሉ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶብናል፤ ከመጥፋቱ በፊት ከትራንስፎርመሩ ላይ ከፍ ያለ ድምፅ ሰምተናል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ግን በርቷል።» የመዘገበውን ሠራተኛ ስምና የማመልከቻ ቁጥር ካለ ይጠይቁ። በዕለቱ ካልተሠራ በማግስቱ በአካባቢዎ ባለው የአገልግሎት ማዕከል ቀርበው ያንኑ ምዝገባ ጠቅሰው ይጠይቁ። ሁሉም ሰው ይደውል እንጂ «ሌላው ደውሏል» ብሎ መተው አይገባም፤ የደዋዮቹ አድራሻ ሲሰበሰብ ጉድለቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ለመገመት ይረዳል።

ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ የትራንስፎርመር ፊውዝ የሚቀይር ሰው በራሱ መንገድ የሚፈልግበት ጊዜ አለ። ድካሙና ብስጭቱ ይገባኛል፤ ሆኖም ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ነውና ይህን ማድረግ ሰው ለሞት መላክ ነው። የወደቀ ገመድ ካዩም ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው ይቁሙ፣ ሕፃናትን ያርቁ፣ ስልኩንም በዚያ ቃል ይጀምሩ፦ «ገመድ ወድቋል።» መብራት ጠፍቷልና ገመዱ ሞቷል ብሎ መገመት ፈጽሞ አይገባም። በክረምት ጎርፍ በሚወርድበት በደቻቱ ወንዝ ዳርቻ ደግሞ እርጥብ መሬት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ርቀቱ ከዚህም መብለጥ አለበት።

መብራቱ እስኪመለስ የምግብ ጉዳይ በድሬዳዋ ሙቀት ቀላል አይደለም። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ሊያቆይ ይችላል፤ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ግን ጊዜው ከዚህ ያነሰ እንደሚሆን ይቁጠሩት። ወተት፣ ሥጋና የበሰለ ወጥ ከፍሪጅ ውጭ ሆኖ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ከ1 ሰዓት በላይ ከቆየ መጣል ይገባዋል። ኢንሱሊን የሚጠቀም ሰው መድኃኒቱን ውኃ በማይገባበት ዕቃ አሽጎ፣ በውጭ በኩል በውኃ በሚረጥብ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ቢያስቀምጠው ከክፍሉ ሙቀት ዝቅ ብሎ ይቆይለታል፤ የከተማዋ አየር ደረቅ መሆኑ ለዚህ ዘዴ ይረዳል። መድኃኒቱን በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ግን ያበላሸዋል።

ውኃም ከመብራት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የድሬዳዋ የቧንቧ ውኃ በሳቢያንና በሌሎች አካባቢዎች ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚሳብ ስለሆነ፣ ሐረርም ብትሆን የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ በድሬዳዋ በኩል ካሉ ጉድጓዶች ወደ ዳገቱ በሚገፋ ውኃ ስለምትረዳ፣ መቋረጡ ሊረዝም ይችላል ብለው ባሰቡ ጊዜ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አስቀድመው በጀሪካን ይቅዱ። ቬንትሌተር ሲቆም ሕፃናትና አረጋውያን በቶሎ ይጎዳሉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ፣ ውኃ ማጠጣትና ማታ ወደ ግቢ ማውጣት ይጠቅማል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያንድዱ፤ ጄኔሬተርንም በረንዳም ሆነ መስኮት ሥር አያስነሡ፤ ሽታ የሌለው ጭስ ሰውን እንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድላል። ጄኔሬተርን በሶኬት በኩል ወደ ቤት መስመር መላክም የተከለከለ ነው፤ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ አልፎ ፖል ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

መብራት በጠፋበት ሰዓት ሲሠራ የነበረውን ዕቃ ሁሉ ይንቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው እንደተጫነ ይተዉ። ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል ታግሠው ቮልቴጁ ከረጋ በኋላ ፍሪጁን፣ ቀጥሎም ሌላውን ይሰኩ፤ ምጣድ በመጨረሻ ይሁን። የሰፈሩ ምጣድና ፓምፕ በአንድ ቅጽበት ሲነሣ ትራንስፎርመሩ ሸክሙን መቻል ስለሚያቅተው የተተካው ፊውዝ በዚያው ሰዓት ዳግመኛ የሚቃጠልበት አጋጣሚ ብዙ ነው። የሰፈሩ መብራት ተመልሶ የእርስዎ ቤት ወይም ጥቂት ቤቶች ጨለማ ውስጥ ከቀሩ ደግሞ አይጠብቁ፤ ዋናው ጉድለት ሲጠገን ማመልከቻው እንደተዘጋ ሊቆጠር ስለሚችል፣ የቀረው ቤት እንደ አዲስ ጉዳይ በ905 መመዝገብ አለበት።