የእንግሊዝ ባላባት ቤተሰብ ስትከታተሉ ከኑዛዜው ጀምሩ

የአንድን የእንግሊዝ ባላባት ቤተሰብ ስም በጥንት መዛግብት የምትከታተሉ ከሆነ፣ ተስሎ ከተቀመጠው የዘር ሐረግ በፊት ኑዛዜውን አንብቡ። እ.ኤ.አ. ከ1530 እስከ 1688 የዘውዱ የአርማ ሹማምንት፣ ማለትም የባላባቶችን የቤተሰብ አርማ የሚቆጣጠሩት፣ በየአውራጃው እየዞሩ የባላባቶችን ትውልድ መዝግበዋል። መዝገቡ ግን በአብዛኛው ቤተሰቡ ራሱ የተናገረውን የያዘ ነውና የሩቅ ቅድመ አያት ላይ ሲደርስ ማጋነን አያጣውም። ኑዛዜ ሚስትን፣ ታናሽ ልጅን፣ የእህትን ባል፣ መሬቱንም ሳይቀር በስም እየጠራ ውርሱን ያከፋፍላል። በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት እስከ 1858 የጸደቁት ኑዛዜዎች ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ፤ በኢንተርኔትም ይፈለጋሉ።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። የዋሪክሺር አውራጃ ባላባቶች ትሮክሞርተኖች በ«ክ»ም በ«ግ»ም ተጽፈው ይገኛሉ፤ እኛ «ሀ»ን እና «ሐ»ን እንደምናቀያይረው ማለት ነው።

ቀኑን ደግሞ አደራ! እስከ 1751 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚጀምረው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ «ፌብሩዋሪ 1640» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር 1641 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ልጁን ከወላጆቹ ሠርግ በፊት ክርስትና ያስነሣዋል።