ሁሉን በፓርኪንሰን ማሳበብ

ጅማ ውስጥ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ ስሠራ «ያው በሽታው ብሶባቸው ነው» የሚለውን ያህል የሚያበሳጨኝ አነጋገር የለም።

አንዲት እናት ፓርኪንሰን ከያዛቸው ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀኝ እጃቸውን መንቀጥቀጥ ቤተሰቡ ለምዶታል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱ ለገበያ ሲጣደፍ ቡና ቀረበላቸውና ሲኒው ከግራ እጃቸው ወደቀ። ከግራ እጃቸው! ስድስት ዓመት ሙሉ ደህና ከነበረው! አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቤተሰቡ የፓርኪንሰኑን ክኒን ጨመረላቸው፤ ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችላቸው፤ ወተትም ተጋቱ። እኔ ዘንድ የደረሱት ቅዳሜ ነው። ግፊታቸው 190 በ110 ነበር። «ዶክተር፣ መድኃኒቱ አንሷቸው ይሆን?» አለኝ ልጃቸው። ሲቲ ስካኑ የተዘጋ የደም ሥር ያደረሰውን ጉዳት አሳየ።

ፓርኪንሰን የግማሽ አካልን ጉልበት በአንድ ጠዋት አይነጥቅም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመነጩት ሕዋሳት የሚሞቱት ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ነው። ስትሮክ ግን የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ፓርኪንሰን ያለበትንም ሰው አይምርም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ቦታ እንኳ የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ አስታማሚን መጀመሪያ የምጠይቀው ሰዓቱን ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነበር?

ወተቱም ጉዳት አለው። ሁለቱም በሽታዎች መዋጥን ስለሚያዳክሙ የተጠጣው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም ቤት ውስጥ አይሰጥ፤ የተዘጋው ከሚደማው የሚለየው በምርመራ እንጂ በዓይን አይደለም።

ቀጣዩን ስህተት የሠራሁት እኔው ነኝ። አንድ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር «እግሬ መሬቱ ላይ ተጣበቀብኝ» ብለው መጡ። ለብዙ ዓመት የደም ግፊት ነበረባቸው። እግራቸውን ከፈት አድርገው በአጭር በአጭሩ ይራመዳሉ፤ እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም፣ ሲሄዱም በደንብ ይወዛወዛል። ይህን ሁሉ እያየሁ ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት ሌቮዶፓን ጻፍኩ። አልሠራ ሲል መጠኑን ጨመርኩ፤ እንዲህ እያልኩ አራት ወር አስፈጀኋቸው። ሕመማቸው የአንጎል ጥቃቅን ደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው ፓርኪንሰን መሰል ሕመም ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ማክዶናልድ ክሪችሊ እ.ኤ.አ. በ1929 ጽፎበታል። ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው እግርን ነው፤ ለሌቮዶፓ ያለውም ምላሽ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው። የሚጠቅማቸው ታካሚዎች ስላሉ መድኃኒቱን መሞከሬ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሳይሠራ ሲቀር ምርመራዬን መለስ ብዬ አለማየቴ፣ ግፊታቸውን በወጉ አለመቆጣጠሬና ወደ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ አለመላኬ ነው።

ግፊትን ቁጭ እንዳሉ ብቻ መለካትም ብዙ ሰው ጎድቷል። ፓርኪንሰን ስንቆም የደም ሥርን ጠበብ የሚያደርጉትን ነርቮች ያደክማል፤ ሌቮዶፓም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። ጅማ በምትታወቅበት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት 150 በ90 ይለካሉ። ከዚያች ዝቅተኛ መቀመጫ ሲነሱ ግን ዓይናቸው ይጨልማል፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይፈልጋሉ፣ ግፊታቸውም 115 በ70 ይሆናል። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ የግፊት መድኃኒት ይጨምርላቸዋል፤ ቤተሰቡ መውደቃቸውን አይቶ ጨርሶ ያስቆማቸዋል። አንዱ ለዳሌ ስብራት፣ ሌላው ለስትሮክ ይዳርጋቸዋል። እባካችሁ ተኝተው ከተለካ በኋላ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለካ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ መድኃኒቱን ሐኪም ያስተካክል። በርጩማውንም ከፍ ባለ፣ የእጅ መደገፊያ ባለው ወንበር ለውጡላቸው።

ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ለማቅለሽለሽ ፕላሲል አይሰጥ። ዶፓሚን የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል። ሲቃዡ የሚወጋው ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ ነው።

የፓርኪንሰን ታካሚዎች ስትሮክ ይዟቸው ሆስፒታል ሲተኙ «መዋጥ አቅቷቸዋል» ተብሎ የፓርኪንሰኑ መድኃኒት የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ይገትራል፣ ኃይለኛ ትኩሳት ይነሳል፤ ለሞትም ያደርሳል። መዋጥ ካልቻሉ በአፍንጫ ቱቦ ሊሰጥ ይችላል። አስታማሚዎች የክኒኑን ስም፣ መጠንና ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ማታ ተረኛው ሲቀየር ወረቀቱን እንደገና አሳዩ።