የቤት ቆሻሻን ለሪሳይክል እንዴት እንደምንለይና ከከተማው ምን እንደምንጠይቅ

ለሪሳይክል፣ ማለትም እንደገና ተሰርቶ ጥቅም ላይ እንዲውል፣ ቆሻሻ ለይቶ ማውጣት የጀመረ ሰው በብዛት የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ዕቃውን ይለያል ግን አያጸዳም። ግማሽ ጁስ የቀረበት ጠርሙስ ካርቶንና ወረቀት ላይ ሲጣል ጁሱ ወርዶ ካርቶኑን ያርሰዋል፣ የራሰና የተጨማለቀ ካርቶን ደግሞ የሚገዛው ፋብሪካ የለም፣ እናም ከሱ ጋር የነበረው ደህና ወረቀት ሁሉ አብሮት ቆሻሻ መድፊያ ይገባል። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ንፁህና ደረቅ አድርጋችሁ አውጡ፣ ይሄ ከብዛቱ ይበልጣል።

መጀመሪያ ዝርዝሩን ያዙ

ከተማችሁ ምን እንደሚወስድ ሳታውቁ መለየት አትጀምሩ። አንዱ ከተማ የሚቀበለውን ሌላው አይቀበልም፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚወሰነው ባለው የመለያ ማሽንና በገዢው ፋብሪካ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ወይም የጽዳት ክፍሉ ጋ ደውላችሁ ወይ ሄዳችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ የትኛው ቀን ምን ይወሰዳል፣ ስንት ሰዓት ላይ መውጣት አለበት፣ ሁሉም በአንድ ዕቃ ነው ወይስ ወረቀቱ ለብቻ፣ ክዳን ከነጠርሙሱ ይሁን ወይስ ተነቅሎ፣ ጠርሙስ ይጨፍለቅ ወይስ አይጨፍለቅ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች ግን አንዳንድ ማሽን የሚለየው በቅርጽ ስለሆነ ጠፍጣፋ የሆነ ጠርሙስ ከወረቀት ጋር ሊሄድበት ይችላል። መልሱን በትልቁ ጽፋችሁ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር እንዲያዩት።

ቀጥሎ ዕቃ ማዘጋጀት ነው፣ ሶስት ይበቃል፦ አንዱ ለሪሳይክል፣ አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለቀሪው። ኩሽና ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ አንዱ በረንዳ ላይ ከሆነ ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም በቃ ቅርብ ያለው ውስጥ ይጥላል።

ፕላስቲክ

ፕላስቲክ ዕቃ ስር ባለ ሶስት ማዕዘን ምልክትና ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር አለ። ቁጥሩ በ1988 አካባቢ በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ የወጣ ሲሆን የሚናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሰራ ብቻ ነው፣ ምልክቱ ስላለ ብቻ ይወሰዳል ማለት አይደለም። በብዙ ቦታ በደንብ የሚፈለጉት 1 ቁጥር፣ ማለትም የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ፣ እና 2 ቁጥር፣ ማለትም እንደ ሻምፖና ፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ያለው ጠንካራው ፕላስቲክ ናቸው። 5 ቁጥርም የሚቀበሉ አሉ። 3፣ 6 እና 7 ግን አብዛኛው ቦታ አይወስዳቸውም።

ጠርሙሱን ባዶ አድርጉ፣ በትንሽ ውሃ አለቅልቁ፣ ገልብጣችሁ አድርቁ። እንደ ሰሃን በሳሙና ማሸት አያስፈልግም፣ ዕቃ ያጠባችሁበት ውሃ ራሱ ይበቃል።

ፌስታልን ግን እባካችሁ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ። የመለያ ማሽኑ ውስጥ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ስራው ይቆማል፣ ከዚያ ሰራተኞች ገብተው በስለት እየቆረጡ ነው የሚያወጡት፣ አደገኛ ስራ ነው። የተለየውን ዕቃም ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ አታውጡ፣ ከተማው ራሱ እንደዚያ አድርጉ ካላለ በስተቀር፣ ምክንያቱም የተቋጠረውን ከፍቶ የሚያይበት ጊዜ ስለሌለ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይጣላል።

ወረቀትና ካርቶን

ካርቶን ስኮቹን ነቅላችሁ ጠፍጣፋ አድርጉት፣ ዝናብ እንዳይነካው። ዘይት የጠጣውን ክፍል ቀዳችሁ ጣሉና ንፁሁን አስቀሩ። ወረቀቱ ፕላስቲክ የተለበጠ መሆኑን ለማወቅ ቀደድ አድርጉት፣ ጠርዙ ላይ ስስ ላስቲክ ተስቦ ከታየ ተራ ወረቀት አይደለም ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ መጠቅለያ ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ ጨምድዳችሁ ልቀቁት፣ ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ አለበት። ከሱቅ የሚሰጠው ስሱ ደረሰኝ፣ ያ የሚያንሸራትተውና ሲሞቅ የሚጠቁረው፣ ኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ወደ ቀሪው ቆሻሻ ይግባ። ሶፍትም እንደዚሁ።

ብረትና ጠርሙስ

ጣሳ አልሙኒየም ይሁን ብረት በማግኔት ታውቁታላችሁ፣ አልሙኒየም አይያዝም። አልሙኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር ወደ 95% የሚሆን ኃይል ይቆጥባል፣ ስለዚህ አንዲት ጣሳም እንዳታልፋችሁ። ፎይል ከሆነ ጠራርጋችሁ ሰብስቡና ትልቅ ኳስ አድርጉት፣ ቁርጥራጩ ማሽን ላይ ይጠፋል።

የመስታወት ጠርሙስ ጥራቱ ሳይቀንስ ደጋግሞ ይቀልጣል። የመስኮት መስታወት፣ የፊት መስታወት፣ የምድጃ ሙቀት የሚችል ሳህንና ሲኒ ግን የሚቀልጡበት ሙቀት ስለሚለይ አብረው ከገቡ አዲሱን ጠርሙስ ያበላሻሉ። የተሰበረ ነገር ካለ በወፍራም ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ላዩ ላይ "ስባሪ" ብላችሁ ጽፋችሁ ለብቻ አውጡ።

በፍጹም አብረው የማይጣሉ

ይሄኛውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነውና። የስልክ፣ የላፕቶፕና የፓወር ባንክ ባትሪ ሊትየም ነው፣ የቆሻሻ መኪናው ሲጨፈልቀው እሳት ይነሳል፣ ይሄ በብዙ ሀገር የቆሻሻ መኪናና የመለያ ጣቢያ ያቃጠለ ነገር ነው። ጫፎቹ ላይ ስኮች ለጥፉ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ባትሪ ወደሚቀበል ቦታ ውሰዱ። ያበጠ ባትሪ ካላችሁ ደግሞ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ሊነድ ከሚችል ነገር አርቁት።

የፍሎረሰንት አምፖል ውስጡ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት አለው። ከተሰበረ መስኮት ከፍታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክፍሉን ልቀቁ፣ ከዚያ ስባሪውን በወፍራም ወረቀት አንሱ፣ ቀሪውን ዱቄት በስኮች እያጣበቃችሁ ልቀሙና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ዝጉበት። በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ ዱቄቱን ይበትነዋል።

መርፌና ሲሪንጅ የማይበሳ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ ክዳኑን አጥብቁና ጤና ተቋም ወይም ከተማው የት እንደሚቀበል ጠይቁ። ሪሳይክሉን በእጁ የሚለይ ሰው አለ፣ ጓንት ቢያደርግም ከመርፌ አያስጥለውም። የሞተር ዘይት ከምንም ሳይቀላቀል በተዘጋ ጀሪካን ሆኖ ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ተቀባይ ይሄዳል፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ ይገባል እንጂ ማጠቢያው ውስጥ አይደፋም፣ ቱቦ ውስጥ ረግቶ የሰፈሩን ፍሳሽ ይዘጋል።

የሚበሰብሰው የአትክልት ልጣጭና ቅጠል ግቢ ካላችሁ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ ይሆናል፣ አንድ እጅ እርጥብ ከሆነ ሁለት ወይም ሶስት እጅ ደረቅ ቅጠል ጨምሩበትና እያገላበጣችሁ አየር ስጡት። ቆሻሻ መድፊያ ከተቀበረ አየር ስለማያገኝ ሚቴን የሚባል የአየር ንብረትን የሚያሞቅ ጋዝ ያመነጫል።

ከከተማው ጋር መነጋገር

መኪናው ሳያነሳ ቢያልፍ፣ ሶፋና ፍሪጅ የመሰለ ትልቅ ነገር ማስወጣት ብትፈልጉ፣ ወይ የጎርፍ ቦይ ቢዘጋ ዝም አትበሉ። ትልቁን ዕቃ ቀድማችሁ አስመዝግቡ እንጂ መንገድ ላይ አውጥታችሁ አትተዉት። የጎርፍ ቦይ ውሃ ብዙ ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ስለሚገባ ቅጠልና ቆሻሻ ጠርጋችሁ ወደዚያ አትግፉ። ጥቆማ ስትሰጡ "ሰፈራችን ቆሽሿል" ማለት ማንንም አያንቀሳቅስም፣ የመንገዱን ስም፣ ቅርብ ያለ ምልክት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ፎቶ አያይዙ። የተመዘገበበትን ቁጥርና የተቀበላችሁን ክፍል ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ በስንት ቀን እንደሚሰራም እዚያው ጠይቁ፣ ቀኑ ካለፈ አዲስ አቤቱታ ከመክፈት በዚያው ቁጥር ደውላችሁ የት እንደደረሰ ተከታተሉ።