አጥንታቸው የሳሳ እናትን ከስብራት እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል

አንዲት እናት ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ሲሰበር ቤተሰቡ የሚወቅሰው እርጥቡን ወለል ነው። ይሁን እንጂ ከቆሙበት በመውደቅ ብቻ የደረሰ ስብራት፣ በተለይ የወር አበባቸው ከተቋረጠ ዓመታት ባለፋቸው ሴቶች ላይ፣ የአጥንት መሳሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። እጁ በጀሶ ታስሮ ሲድን ጉዳዩ አበቃ ማለት አይገባም፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ዳሌ ሊሆን ይችላልና።

በመጀመሪያ ቁመታቸውን ይለኩ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን ግድግዳ አስነክተው ይቁሙ። ቁመታቸው በወጣትነታቸው ከነበረው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከቀነሰ፣ ሳይወድቁም የአከርካሪ አጥንታቸው ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። የቀድሞውን ልክ የሚያስታውስ ከጠፋ የቆየ ቀሚሳቸውን ያስለብሷቸው፤ ድሮ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀር የነበረው ጠርዝ አሁን መሬት የሚጠርግ ከሆነ አጥረዋል ማለት ነው። ጠርዙንም በዚያው ዕለት ያሳጥሩት፤ ጠልፎ የሚጥላቸው እሱ ራሱ ነው።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ በፌስታል ይያዙ። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለመሳሰሉት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳል፤ የእንቅልፍና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ሌሊት ሲነሱ ያንገዳግዳሉ። ሆኖም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዱንም አያቋርጡ፤ ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ ቲ ስኮር የሚባለው ውጤት −2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። ተራ ራጅ መሳሳቱን የሚያሳየው ብዙ አጥንት ከጠፋ በኋላ ነው፤ ዴክሳ በሌለበትም ሐኪሙ ዕድሜንና የቀደመ ስብራትን መሠረት አድርጎ ሕክምና ሊጀምር ይችላል።

አጥንት ይበልጥ እንዳይሳሳ የሚረዳው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው አሌንድሮኔት የተባለ ክኒን ከታዘዘ አወሳሰዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ምንም ሳይቀምሱ፣ ጋደምም ሳይሉ መቆየት ያስፈልጋል። ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል፣ በቡና ከተዋጠም ጥቅሙ ይቀንሳል። ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል።

ወተት በማይነካበት የጾም ወቅት ጎመን፣ ጤፍና ሰሊጥ ካልሲየም ይሰጣሉ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት የሚመከረው በቀን 1200 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ ምግቡ ካልሞላው ተጨማሪ ስለመውሰድ ሐኪም ይጠየቅ።

ከሁሉ በላይ ግን ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት ያለውን መንገድ በሌሊት ራስዎ ይሂዱበት። የሚንሸራተት ምንጣፍ፣ መተላለፊያ ላይ የተተወ ባልዲ፣ ተረከዝ የማይዝ ነጠላ ጫማ፣ ከትከሻ ወርዶ የሚጎተት ጋቢ፣ የተቃጠለ አምፖል፤ እነዚህን ማስተካከል ከብዙ ክኒን ይረክሳል።

ምናልባት ወድቀው አንድ እግራቸው አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ ዳሌያቸው ሳይሰበር አልቀረም። እንዲቆሙ አያድርጉ፣ አይሹ፣ ወጌሻም አይጥሩ፤ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከመውጣታቸው በፊትም ሐኪሙን ስብራቱ ስለመጠገኑ ብቻ ሳይሆን ለመሳሳቱ ምን እንደታዘዘ ይጠይቁት።