የባህር ዛፍ ዘይት በቀጥታ ውሃ ላይ አይጨመርም

በደሴ ብርድ ማታ ማታ እግራችሁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ስትዘፈዝፉ የባህር ዛፍ ወይም የላቬንደር ዘይት ጠብ የምታደርጉ ካላችሁ፣ ይቺን ልብ በሉ። ዘይቱ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ላዩ ላይ ይንሳፈፍና እግር ሲገባ ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱን ሰው የሚያቃጥለውና የሚያሳክከው ለዚህ ነው።

መላው ቀላል ነው። መጀመሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ያዙ፤ የሱፍም የሰሊጥም ይሆናል። እሱ ላይ ከባህር ዛፉ ወይም ከላቬንደሩ ዘይት 2 ጠብታ ብቻ ጨምሩና በደንብ አዋህዱት። ከዚያ ወደ ሳፋው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ውህዱ ወደ 2 በመቶ ይጠጋል፤ ለጤነኛ አዋቂ ቆዳ የተለመደ መጠን ነው። ሽታው ደስ ስላላችሁ ብቻ አታብዙት። እግር ስለሚያንሸራትት ስትነሱ ቀስ በሉ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አትተዉት። ሙቀትና ብርሃን ዘይቱን ያበላሸዋል፤ የተበላሸ ዘይት ቆዳን ይበልጥ ያስቆጣል።

የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ውሃው ቢያቃጥላችሁም ላይሰማችሁ ይችላል። ቁስል ካለም እንዲሁ። ነፍሰ ጡሮች መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። የባህር ዛፍ ዘይት ሕፃናት ፊት አካባቢ በፍጹም አይቀባም፤ ትንፋሽ ሊያሳጥራቸው ይችላል። ትንሽ ቢውጡት እንኳ አደገኛ ስለሆነ ጠርሙሱን እጃቸው ከማይደርስበት አስቀምጡ።